በጊቱንዱ ፍርድ ቤት በር ላይ ሦስት ጊዜ

የጊቱንዱን ፍርድ ቤት እንግሊዞች ሠሩት ሲባል ንጉንጂሪ ዋ ጋቼሩ ደሙ ይፈላል። «ሠሩት? ድንጋዩን ማን ተሸከመው? አባቴ አይደለም እንዴ!» ይላል። ልክ ነው። ድንጋዩን ከሩዋምቢቲ ወንዝ ዳር ፈልጠው አቀበቱን ያወጡት የኮረብታችን ሰዎች ናቸው። ሠርተው ሲጨርሱ መጀመሪያ ተከሰው የቆሙበትም እነሱው ናቸው። እንግሊዞቹ ያዋጡት ነገር ቢኖር በበሩ አናት ላይ የተቀረጸው ዓመተ ምህረት ነው፤ እሱንም ቢሆን መዶሻ ይዞ የቀረጸው የኛው ሰው ነው።

ዛሬ ያ ቤት ሙዚየም ሆኗል። ዳኛ የነበሩት የኮረብታው ሽማግሌዎች ይቀመጡባቸው የነበሩት ስድስት ወንበሮች እንደ ድሮው ተደርድረዋል። የተከሳሹ ሳጥን ከነመደገፊያው በቦታው ቆሟል። የክሱ መዝገብ መስታወት ሥር ተኝቷል፤ ግድግዳው ላይ በትርና የቢራ መጠጫ ቀንድ ተሰቅሏል። ከነዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ንጉንጂሪ አለ። የሙዚየሙ ኃላፊ ዋሙዩ ደስ ሲላት «አባባ፣ እርስዎንም ቁጥር ለጥፌ ከዕቃዎቹ ጋር ብመዘግብዎት ይሻላል» ትለዋለች።

«ለጥፊ እናቴ» ይላታል፤ «ብቻ አቧራዬን ማራገፍ እንዳትረሺ።»

እናቴ የሚላት የወላጅ እናቱን ስም ስለያዘች ነው። በኛ ዘንድ የእናትህን ስም የያዘች ልጅ ሠላሳ ዓመት ባይሞላትም እናትህ ናት፤ ስትቆጣህ አንገትህን ደፍተህ ትሰማለህ። ዋሙዩም ይህን ስለምታውቅ በደንብ አድርጋ ትቆጣዋለች።

ንጉንጂሪ በዚያ ቤት ሥራ የያዘው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ነጮቹ አገራችንን ሊለቁ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ይቀራቸው ነበር። የተቀጠረው በሁለት ነገር ነው፦ በረጅም እግሩና በትልቅ ድምፁ። ሥራው መጥሪያ ማድረስ ነበር። ወረቀቱን በቆዳ ቦርሳ ይዞ ኮረብታ ለኮረብታ ይዞራል፤ የተከሰሰውንም የከሰሰውንም ፈልጎ በእጁ ይሰጣል። በችሎቱ ቀን ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ባለጉዳዩን በስሙ ሦስት ጊዜ ይጠራል። በሦስተኛው ያልቀረበ ሰው ክሱን ተሸነፈ ማለት ነው። እንግሊዞቹ ለዚህ ሥራ ብለው የብረት ምልክት ያለው ኮፍያ ሰጡት። ጫማ ግን አልሰጡትም፤ ሰውየው በጭንቅላቱ የሚሄድ መስሏቸው ይሆናል።

ከዚያ ነፃነት መጣ። የሽማግሌዎቹ ችሎት ቀረ፤ የተማሩ ዳኞች ተተኩ። ትንሽ ቆይቶም ታች ከተማ ውስጥ አዲስ ፍርድ ቤት ተሠራና ይሄኛው ባዶውን ቀረ። ለጥቂት ዓመታት ፍየሎች አደሩበት። መንግሥት ሙዚየም ይሁን ብሎ ሰዎች ሲልክ በሩ ላይ ቁልፍ ይዞ ቆሞ ያገኙት ንጉንጂሪን ነው። ማን እንደሰጠው አልጠየቁትም፤ እሱም አልነገራቸውም። መጀመሪያ ዘበኛ አደረጉት፤ ኋላ ጎብኚዎችን አላስወጣ አላስገባ እያለ ሲያወራላቸው ጊዜ አስጎብኚ አሉት።

ለሃያ ዓመት አንድ ዓይነት ታሪክ ተናግሯል፤ አልሰለቸውም። ጎብኚዎቹን በሩ ላይ ያቆምና ከመካከላቸው የአንዱን ስም ይጠይቃል። ደረቱን ይነፋል፤ ስሙን ሦስት ጊዜ ይጣራል። ድምፁ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያርገበግበዋል። ሕፃናት ይስቃሉ፤ ፈረንጆች ፎቶ ያነሱታል። ሲጨርስ ሁልጊዜ የሚላት አንዲት ቃል አለችው፦

«በዚህ ቤት ውስጥ ክፉም ደግም ተፈርዷል። ግን ሦስት ጊዜ ሳይጠራ የተፈረደበት ሰው የለም!»

ያችን ሲናገር አገጩ ከፍ ይላል። ከዚያም ሰዓቱን ያያል፤ ምክንያቱም ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አጥሚት ይመጣል።

አጥሚቱን የምታመጣው ንያጉቲ ናት። ቤቷ ከሙዚየሙ ግቢ በታች ነው፤ አንዲት ላም፣ ድንች፣ ባቄላና ቁልቁል እስከ ወንዙ የሚወርድ የከብት ሣር አላት። የሷም ባል ሞቷል፤ የሱም ሚስት ሞታለች። በየቀኑ ኮምጠጥ ያለ የዳጉሳ አጥሚት በቅል ይዛ፣ ከሙዚየሙ ሜዳ ጥግ ብቅ ብላ፣ ያው የተለመደውን ትጠይቀዋለች።

«አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬም አልሞትክም?»

«አጥሚትሽን ሳልጠጣ? ምን አስቸኮለኝ!»

ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጠው የሰውን ሁሉ ስም አንስተው ይጥላሉ። እኛ የኮረብታው ሰዎች ልጆቻቸውም ጭምር ነገሩን እናውቅ ነበር፤ አላወቅንም ብለን ነው የምናልፋቸው። ንጉንጂሪ ደስተኛ ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚወደውን ቤት ይጠብቃል፤ አራት ሰዓት ላይ የሚወዳት ሴት ትሰድበዋለች። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ነገሩ የተበላሸው በአበባ ነው።

የትልቁ ዝናብ ማብቂያ ላይ ዋሙዩ ጠራችውና ከዋና ከተማ እንግዶች ሊመጡ እንደሆነ ነገረችው። «ያ የታችኛው ጥግ ባዶ ነው፤ ያሳፍራል። የሆነ ነገር ይትከሉበት አባባ። ግን የኛን አገር ነገር ይሁን፤ የነጭ አበባ ሰልችቶኛል።»

«የኛን ካልሽማ ኢቶካ ነው» አላት ወዲያው።

ኢቶካ ሥሩ ትልቅ ሽንኩርት የሚመስል፣ ቅጠሉ ረጅም፣ አበባው ነጭ ሆኖ መሐል መሐሉ ላይ ሐምራዊ መስመር ያለው ነው። ድርቅ አይገድለውም። እሳት ቢያልፍበት ተመልሶ ይወጣል። አባቶቻችን ድንበር ላይ የሚተክሉት ለዚህ ነው፤ የኢቶካ መስመር ካለ እዚያ ጋ የአንተ አልቆ የኔ ይጀምራል፤ የነቀለው ሰው ደግሞ በቤቱም በከብቱም ደህና አይውልም። ይሄ ሁሉ ሙዚየሙ ውስጥ ከፎቶ ጋር ተጽፏል። ንጉንጂሪ ለጎብኚ ሁሉ «ድሮ አባቶቻችን...» ብሎ ያነበንበዋል። ሃያ ዓመት «ድሮ» ሲል ኖሮ ነገሩ የምር ድሮ መሰለው።

ከገዛ እርሻው፣ ድንበር ላይ ካልሆነው፣ አርባ ሥር ኢቶካ ቆፍሮ አመጣ። ገመድ ወጠረ። የሜዳው ጫፍ ቤቱ ለሙዚየም ሲታደስ የተጣለ ጠጠር ስለሞላው አልቆፈር አለው፤ ስለዚህ አራት እርምጃ ያህል ወደ ታች ወረደ፤ እዚያ አፈሩ ለስላሳ ነው። በሙዚየሙና በንያጉቲ እርሻ መካከል አጥር የለም። ድንበሩን የሚያሳየው አሮጌ ጉቶ ብቻ ነው፤ ጉቶውንም ሣር ውጦታል። ደግሞስ አራት እርምጃ ከንያጉቲ ጋር ምን ያጣላል? አርባውን በአንድ መስመር ተከለና ወደ ኋላው ሄድ ብሎ አየው።

«አቤት ማማር!» አለ ለራሱ።

በማግስቱ አራት ሰዓት ሆነ፤ አጥሚት የለም። አራት ተኩል ሆነ፤ የለም። ታምማ ይሆናል ብሎ ደንግጦ ወደ ሜዳው ጥግ ወረደ። ንያጉቲ ከአበባው ወዲያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ቅል አልያዘችም።

«ምንድነው ይሄ?» አለችው።

«አበባ ነዋ። አላማረም?»

«አበባ! ንጉንጂሪ፣ እኔን ነው አበባ የምትለኝ? ኢቶካ በገመድ ለክተህ፣ እንደ ወታደር አሰልፈህ፣ እርሻዬ ውስጥ ተክለህ አበባ?»

ያን ጊዜ ነው የገባው። «ወይ እዳዬ! ሙቺ አላሰብኩትም። አሁኑኑ ልንቀለው» ብሎ ጎንበስ አለ።

«እንዳትነካው!» ብላ ጮኸችበት፤ ላሟ እንኳን ደንግጣ ቀና አለች። «ኢቶካ ነቅለህ መሬቴ ላይ መዓት ልታወርድ ነው?»

እጁ አየር ላይ ቀረ። «እና ምን ላድርግ? ብተክል ጥፋት፣ ብነቅል ጥፋት!»

«እኔ ምን አውቄ! አሥራ አምስት ዓመት የድንበር ክስ ወረቀት ስታዞር የኖርከው አንተ። ሌላ ሰው ቢያደርገው ሞኝ ነው ብዬ እስቅ ነበር።» ድምጿ እዚህ ላይ ተሰበረ። «ይሄ የቆምክበት ሜዳ የናቴ ነበር። ያ ቤት ወሰደባት። ለኔ የቀረችኝ ይህቺው ናት። ከሷ ላይ ደግሞ አንተ ትቆርሳለህ? አንተ?»

ዞራ ሄደች። እሱ ከጀርባዋ ስሟን ጠራ፤ አልመለሰችም።

ንጉንጂሪ ደረጃው ላይ ብቻውን ተቀመጠ። የሜዳውን ታሪክ ኮረብታው ሁሉ ያውቀዋል። የንያጉቲ እናት ዋንጉ ዋ ቱዎ ባሏ እንደሞተ የባሏ የአጎት ልጅ መሬቱ የኔ ነው ብሎ ገባባት። ከሰሰችው። በችሎቱ ቀን ስሟ ሦስት ጊዜ ተጠራ፤ አልቀረበችም። ተፈረደባት። ሰውየው ቆይቶ መሬቱን ለፍርድ ቤቱ ሰጥቶ በለውጡ ሌላ ቦታ ወሰደ። ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ነው። የቀረውን የሚያውቀው ንጉንጂሪ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ሩዋምቢቲ ሞልቶ ነበር። ዋንጉ ሰውየው ከገባባት ወዲህ ከወንዙ ማዶ ወላጆቿ ዘንድ ተጠግታ ነበርና ንጉንጂሪ መጥሪያዋን ይዞ ወንዙ ዳር ደረሰ፤ ውኃው ግንድ ይዞ ይወርዳል። ሥራ ከያዘ ገና ሦስት ወሩ ነው፤ ዋና አይችልም። አንድ ሰው ከጎኑ መጣና «እኔ በላይ በኩል በሩቁ ድልድይ ዞሬ መሄዴ ነው፤ የዋንጉ ጎረቤት ነኝ፤ ስጠኝ አደርስልሃለሁ» አለው። ሕጉ በእጅ ስጥ ነው የሚለው። ሰጠው። ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ግን «በእጇ ሰጥቻታለሁ» አለ፤ ጸሐፊውም ጻፈ። በችሎቱ ቀን በሩ ላይ ቆሞ ሲጠራት ትመጣለች ብሎ መንገዱን ያይ ነበር። ያ ሰው የተከሳሹ አማች እንደሆነ የሰማው ከወር በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ በሥራው አሥራ አምስት ዓመት አንዲት ወረቀት ለሌላ ሰው እጅ ሰጥቶ አያውቅም፤ ዋናም ተማረ። ለዋንጉ ግን ያ ሁሉ አልጠቀማትም።

አጥሚቷን እየጠጣ ሃያ ዓመት ሊነግራት ሞክሯል። ሁልጊዜ ነገ ይላል። ፈራ እንጂ ሌላ ምንም ምክንያት አልነበረውም። ብትሰማ ዳግመኛ በዚያ ሜዳ ጥግ ብቅ እንደማትል ያውቃል።

ንያጉቲ በበኩሏ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ወደ ጊቺንጋ ሄደች። ጊቺንጋ የኮረብታችን የሽማግሌዎች አለቃ ነው፤ ሰማንያ አልፎታል፤ ጆሮው ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ አይሰማም። ይህን ግን ሰማ። በመጪው ቅዳሜ እንቀመጣለን አላት። የት? የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መዘምራን ይዘውታል፤ ዛፍ ሥር እንዳይቀመጡ ጭጋጉ አጥንት ይሰብራል።

«እዚያው ቤት» አለች ንያጉቲ። «የናቴን መሬት የወሰደበት ቤት። አሁን ደግሞ ይስማኝ።»

ዋሙዩ ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «እማማ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው። ወንበሮቹ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው!»

«ወንበር የሚሠራው ለምንድነው ልጄ?» አለቻት ንያጉቲ።

ቅዳሜ ጠዋት ወንበሮቹን የከለለውን ገመድ የፈታችው ራሷ ዋሙዩ ናት።

ቤቱ ሞላ። እኛም ከያለንበት መጣን፤ ከቶ ማን ይቀራል? ጊቺንጋና ሁለት ሽማግሌዎች ብርድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በትርና ፍርድ ሲሰጡ የሚያነሱትን የቅጠል እስር ይዘው ገቡ። ጊቺንጋ ከመካከል ካሉት ወንበሮች በአንዱ ላይ የነበረውን «አይቀመጡ» የሚል ጽሑፍ አንስቶ በዓይኑ አጠገብ አድርጎ አነበበው፤ መሬት ላይ አስቀመጠውና ተቀመጠ። ወንበሩ ጮኸ።

«በሉ እንጀምር። ባለጉዳዮቹ ይጠሩ» አለ። ከዚያ ዙሪያውን አየ። «የሚጠራው ማነው?»

ሰው ሁሉ ወደ ንጉንጂሪ ዞረ። ሌላ ጠሪ የለማ።

«ጥራ እንጂ» አለው ጊቺንጋ። «ልማድ ልማድ ነው።»

ንጉንጂሪ በሩ ላይ ቆመ፤ ደረቱን ነፋ። «ንያጉቲ ዋ ኪማኒ!» ብሎ ተጣራ፤ እሷ ከፊቱ ተቀምጣ ሳታየው «አለሁ» አለች። ቀጥሎ «ንጉንጂሪ ዋ ጋቼሩ!» ብሎ ራሱን ጠራ፤ ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ በቀጭን ድምፅ «አለሁ» ብሎ ገብቶ የተከሳሹ ሳጥን ውስጥ ቆመ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዋሙዩ እንባዋን ጠረገች። ንያጉቲ ብቻ አልሳቀችም፤ ግን ከንፈሯን ነክሳ እንደያዘች ንጉንጂሪ አይቷል፤ ለዚያች እንኳን ልቡ ሞቀ።

የአበባው ነገር ቶሎ አለቀ።

«ድንበር ልትገፋ አስበህ ነው?» አለው ጊቺንጋ።

«አይደለም።»

«ታዲያ ኢቶካ ምን እንደሆነ ጠፍቶህ ነው? አንተን?»

«አልጠፋኝም። እዚህ ቤት ሃያ ዓመት ስለሱ ሳወራ ኖሬ የሞተ ነገር መሰለኝ። መስታወት ሥር ያለ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው «እኛንም እንደዚሁ እያሰብክ ነው እንግዲህ» አለ፤ እንደገና ተሳቀ። ጊቺንጋ የቅጠሉን እስር አንስቶ ፈረደ፦ ያ መስመር ድንበር እንዳልሆነ፣ የንያጉቲ መሬት እስከ አሮጌው ጉቶ እንደሆነ ይህ ሁሉ ሰው ይስማ። ንጉንጂሪ አንድ በግ ያምጣ፤ ሁለቱም ከበጉ ይቅመሱ። ነገሩ እዚህ ላይ ይቁም።

«ከመቅመሳችሁ በፊት» አለ ጊቺንጋ፤ ይህን ሁልጊዜ ይጠይቃል። «በሁለታችሁ መካከል የቀረ ነገር አለ? የደበቀ ሰው በጉን ቢበላ በሆዱ እንደሚዞርበት ታውቃላችሁ። ንያጉቲ?»

«የለኝም» አለች፤ ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ንጉንጂሪን ቀና ብላ አየችው። ሰኞ አጥሚቱን ይዛ እንደምትመጣ ከዓይኗ አነበበ።

«ንጉንጂሪ?»

የለኝም ቢል ሁሉም ነገር እንደነበረ ይመለሳል። እንዲህ እንደሚፈረድ አውቆ አስቀድሞ ያመጣው በግ ውጭ ታስሯል፤ እሳቱም ተያይዟል። ንጉንጂሪ የሳጥኑን መደገፊያ ያዘ። ስንትና ስንት ሰው እዚህ ቆሞ ሲዋሽ አይቷል፤ አንዳንዶቹን ሲዋሹ ንቋቸዋል።

«እኔ ጋ አለ» አለ።

ነገራቸው። ወንዙን፣ ሰውየውን፣ ለጸሐፊው የተናገረውን ሁሉ ነገራቸው። ድምፁ ያን ጊዜ ትልቅ አልነበረም፤ ከኋላ ያለነው አንገታችንን አስግገን ነው የሰማነው። «መጥሪያው አልደረሳትም» ብሎ ጨረሰ። «ሦስት ጊዜ ጠራኋት። ግን የጠራሁት መምጣት የማትችል ሰው ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ውጭ የታሰረው በግ ሲጮህ ይሰማል።

«እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረች ከዚያ በኋላ» አለች ንያጉቲ። ለሱ ይሁን ለሽማግሌዎቹ አይታወቅም። «መጥሪያ አልደረሰኝም፣ አልተጠራሁም ትል ነበር። ማንም አላመናትም። እኔም አላመንኳትም። ረስተሽው ነው፣ ባቄላሽ በልጦብሽ ነው እላት ነበር። በሞተችበት ዓመት ፋሲካ ላይ እንኳን ብያታለሁ። ሰው ፊት።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እውነቷን ነበር።»

ንጉንጂሪ ያለቅስ ነበር፤ አልደበቀውም። ከኛም ያለቀስን አለን።

ጊቺንጋ ወደ እሷ ዞረ። «ንያጉቲ፣ ሜዳውን ልንመልስልሽ አንችልም። የመንግሥት ወረቀት አለበት፤ እኛ ሦስት ሽማግሌዎች ነን። ግን ይህ ሰው በድሎሻል። ጠይቂው። ምን ትፈልጊያለሽ?»

ግማሹ ሰው ፍየል ትላለች ብሎ ጠበቀ፤ ሌላው ደግሞ ከዚህ ቤት ይባረርልኝ ትላለች ብሎ ፈራ።

«በደንብ ትጠራልኝ» አለች። «እናቴ ትጠራ። ዛሬ መጥሪያው ደርሶናል።»

ንጉንጂሪ ከሳጥኑ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ ውጭ፣ ወደ ታችኛው ሜዳና ወደ ወንዙ አዞረ። ንያጉቲ ተነስታ ወጣችና ደረጃው ሥር፣ ከሱ ሁለት እርምጃ ላይ ቆመች። ደረቱን ነፋና ተጣራ።

«ዋንጉ ዋ ቱዎ!»

ማንም አልመለሰም። ንያጉቲ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች።

«ዋንጉ ዋ ቱዎ!»

ዝም። እኛ ተያየን። ሀሳቧን ቀየረች እንዴ? ሦስተኛው ካለፈ ምን እንደሚሆን ከንጉንጂሪ በላይ የሚያውቅ የለም። ዓይኑን ጨፈነና ድምፁ የቻለውን ያህል ጮኸ።

«ዋንጉ ዋ ቱዎ!»

«አለሁ!» አለች ንያጉቲ።

ደረጃውን ወጥታ፣ በአጠገቡ አልፋ ገባችና ከሳሽ በሚቆምበት ቦታ ቆመች። የናቷን ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች፦ አባቷ ጫካውን የመነጠረበትን ዓመት፣ ዛፎቹን፣ ድንበሩ ላይ የነበረውን ኢቶካ፣ ሰውየው በሬዎቹን ይዞ የገባበትን ቀን። ሽማግሌዎቹ አላቋረጧትም። ስትጨርስ ጊቺንጋ በግራና በቀኙ ያሉትን ሁለቱን ሽማግሌዎች አየና «ሰምተናል፤ እውነት ነው» አለ። ዋሙዩ ይህ መጻፍ አለበት ብላ ተነሳች። የድሮው መዝገብ መስታወት ሥር ተቆልፏል፤ የተከፈተ መጽሐፍ ቢኖር የጎብኚዎች መዝገብ ብቻ ነው። እዚያው ላይ፣ «በጣም ደስ የሚል ቦታ ነው» ካሉት ጀርመኖች ሥር፣ ቀኑን ጽፋ «ዋንጉ ዋ ቱዎ ተጠርታ ቀርባለች፤ እውነቷ ተሰምቷል» ብላ አሰፈረች። ሦስቱም ሽማግሌዎች ፈረሙ። በጉ ተበላ። ንያጉቲም ቀመሰች፤ ከንጉንጂሪ ጋር ግን አልተነጋገረችም፤ በልታ ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ንጉንጂሪ ከአራት ሰዓት በፊት ጀምሮ ደረጃው ላይ ነበር። ለመጡት ተማሪዎች በሩ ላይ የተለመደውን ተናገረ፤ ከሚወዳት ቃል ሲደርስ ግን ቆም አለ። «ሦስት ጊዜ ሳይጠራ የተፈረደበት ሰው የለም» አለ፤ ቀጠለና፣ «መጥሪያው ያልደረሰው ሰው ግን ነበር። ስሟ ዋንጉ ዋ ቱዎ ነው። ታች ያለው ሜዳ የሷ ነበር።» አስተማሪያቸው ጻፈችው።

አራት ሰዓት አለፈ። አራት ተኩል ሆነ። እንግዲህ ይኸው ነው ብሎ ቁልፉን ይዞ ሊነሳ ሲል ከታች ድምፅ ሰማ።

«አንተ ሽማግሌ! ዛሬም አልሞትክም?»

እንዴት ሜዳውን እንደወረደ አያውቅም። ንያጉቲ ከኢቶካው መስመር ወዲያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ቅሉ ጉልበቷ ላይ ነው።

«ና ተሻገር» አለችው። «ከእንግዲህ እዚህ ነው የምትጠጣው። አቀበት አልወጣልህም። አበባውም እዚሁ ይቆያል፤ መሬቴ ላይ ስለሆነ የኔ ነው፤ የምትኮተኩተው ግን አንተ ነህ።»

«እኮተኩታለሁ» አለ። ቅጠሎቹን እንዳይረግጥ እግሩን ከፍ አድርጎ ተሻገረና አጠገቧ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ አላስችል አለው። «ንያጉቲ፣ ቅዳሜ ዕለት... አጠገቤ ቆመሽ በመጀመሪያው ለምን አልመለስሽም? ልቤን ልታቆሚው ነበር እኮ።»

ቅሉን ሰጠችው።

«ሁለቱን ዝም ያልኩት ድምፅህን ልስማላት ብዬ ነው» አለች። «እሷ እኮ ስትጠራት ሰምታህ አታውቅም።»